ከክርስትና መዝገብ የጎደለው ቅጠል

ታላቁ የዓለም ጦርነት ባበቃበት ዓመት፣ መድፉ ዝም ባለ በሳምንቱ፣ የሳንባው ወረርሽኝ ወደ ከተማዪቱ ገባ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የአካፋ ድምፅ ሳይሰማ የሚውልበት ቀን ጠፋ። በዚያ ወራት ደብሩን ያስተዳድሩ የነበሩት ሊቀ ካህናት በትምህርታቸው የተፈሩ፣ በጾማቸው የከሱ ሰው ነበሩ፤ አርባ አንድ አንቀጽ ያለው ሥርዓት በገዛ እጃቸው ጽፈው በደጁ ላይ ቸንክረውታል። ሕዝቡ ግን በስውር «ሚዛኑ» ይላቸዋል፤ ሚዛን የሌላውን እንጂ የራሱን ክብደት አያውቅምና።

አንድ ረፋድ አንድ ጫማ ሰፊ የሞተ ሕፃን ልጁን የያዘች፣ ከመደርደሪያው ሣንቃ የሠራትን ትንሽ ሣጥን ታቅፎ በደጁ ቆመ፤ በስተኋላው ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አዋላጅ በምርኩዝ ተከትለውታል። ሕፃኑ ተወልዶ የኖረው ሩብ ሰዓት ነው፤ ካህን ሳይደርስ እስትንፋሱ ሲቆራረጥ አዋላጂቱ በሥላሴ ስም አጥምቀውታል። እናቲቱ በወረርሽኙ ተይዛ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ከአልጋዋ ቀና እያለች «ልጄ ከቅጥሩ ገባልኝ?» ትላለች።

«አንቀጽ ዘጠኝ» አሉ ሊቀ ካህናቱ ጣታቸውን ወደ በሩ ዘርግተው፤ «በካህን እጅ ያልተጠመቀ ከቅጥር ውጪ ይቀበራል።»

«አባታችን፣ ክንድ አይሞላም እኮ! ስንት መሬት ይወስድብዎታል?» አለ ጫማ ሰፊው።

«የመሬት ጉዳይ አይደለም፤ የሥርዓት ነው። ደግሞስ አንቺ ሴትዮ፣ ማን ሾመሽ? ከማሰሮ በተቀዳ ውሃ ክርስትና ይነሣል እንዴ?»

አዋላጂቱ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቀና አሉ።

«እርስዎን ያነሣሁበት ውሃም የማሰሮ ነበር፣ አባቴ። በልዘው ነው የተወለዱት፤ ጩኸት የለ፣ ትንፋሽ የለ። እናትዎ አደራ ስላሉኝ ስድሳ ዓመት ዋጥኩት። ዛሬ ግን ያቺ ልጅ በር በሩን እያየች እየሞተች ነው።»

የሊቀ ካህናቱ ፊት ቀላ፤ ሐሰቱን በጽሑፍ ሊገልጡ ወደ ዕቃ ቤት ገብተው አሮጌውን የክርስትና መዝገብ አወረዱ። ከእናታቸው ስም ትይዩ የቀድሞው አለቃ እንዲህ ጽፈው አገኙ፦ «ይህን ሕፃን አዋላጅ አጥምቃዋለች፤ ስሙ ከተጠራበት በኋላ እኔ ምን እጨምራለሁ? ሜሮን ብቻ ቀባሁት።»

መዝገቡን እንደ ያዙ ቆመው ቀሩ። በአንቀጽ ዘጠኝ ከቅጥር ውጪ የሚቀበሩት እርሳቸው ራሳቸው ነበሩ፤ አርባ ዓመት የቀደሱት፣ ያጠመቁት፣ ያወገዙትም ሁሉ በዚያች ማሰሮ ላይ የቆመ ነበር።

ሲወጡ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «ያስገቡት፣ እማማ» አሉ፤ «ከግንቡ ሥር፣ ፀሐይ በሚያገኘው በኩል ይቆፈርለት።»

ጫማ ሰፊው ሣጥኑን በሊቀ ካህናቱ ክንድ ላይ ትቶ ወደ ቤቱ ሮጠ። «ገባልሽ!» ሲላት ሚስቱ ሰምታለች፤ ያረፈችው ከዚያ በኋላ ነው።

ሊቀ ካህናቱ ግን ከቀብሩ ተመልሰው ብቻቸውን በቀሩ ጊዜ ያን ቅጠል ከመዝገቡ ቀደዱት፤ ምሕረትን ለሕፃኑ ሰጡ፤ እርሳቸውም በምሕረት የገቡ መሆናቸው እንዲታወቅባቸው ግን አልወደዱም። አንቀጽ ዘጠኝም ከበሩ አልወረደም።

ከብዙ ዘመን በኋላ የደብሩን ታሪክ የጻፉ ሰዎች አርባ አንዱን አንቀጽ አንድ ሳያጎድሉ አሳትመው፣ ደራሲያቸውን «ዓምደ ሥርዓት» አሏቸው፤ ስለ ጎደለው ቅጠል «አይጥ በልቶት ይሆናል» ብለው አለፉ። ከግንቡ ሥር ስላለችው፣ ክንድ ስለማትሞላው ጉብታ የጠየቀ የለም። ታሪክ በበር ላይ የተቸነከረውን ያነባል፤ በበሩ የገባውን የሚቆጥር ግን ሌላ ነው።