ደራሲው ይውጣልን

ሥራዬ ማንሾካሾክ ነበር። ለንደን ውስጥ በአንድ ቴአትር ቤት፣ ከመድረኩ ጥግ ተሸሽጌ ቃል ለጠፋበት ተዋናይ ቃሉን አቀብላለሁ። ድምፄ ከታዳሚው ጆሮ ከደረሰ እባረራለሁ። አምብሮዝ ቴልፎርድን የወደድኩትም እንዲሁ በሹክሹክታ ነው። አገር ያወቀው ደራሲ፣ እኔን ሲያይ ግን ቃል ይጠፋበት ነበር።

ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በቴአትር ቤቱ በር ላይ ባለው የአዲሱ ቴአትሩ ማስታወቂያ ስሙ ነጭ ወረቀት ተለጥፎበት አገኘሁት። አንድን የከሰል ማዕድን ባለቤት «ነፍሰ ገዳይ» ብሎ በጋዜጣ ስለጻፈ በስም ማጥፋት ሊታሰር ነው። በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ትናንት እራት ሲጋብዙት የነበሩት ዛሬ ሲያዩት መንገድ ይሻገራሉ።

«ባቡሩ ሊነሳ አንድ ሰዓት ቀረው» አልኩት ከመድረኩ ጥግ ቆመን፣ በጆሮው። «ነገ ፈረንሳይ ነን። እባክህ እንሂድ!»

«መጋረጃው ይውረድና።»

«ምን ልትሆን? ሊይዙህ የመጡት ሁለት ፖሊሶች ከታዳሚው መሐል ፊተኛው ወንበር ላይ ተጎልተዋል እኮ!»

«ከዚህኛው በፊት አሥራ አንድ ቴአትር ጻፍኩ። በአሥራ አንዱም መጋረጃው ሲወርድ ታዳሚዎቹ ‹ደራሲው ይውጣልን!› ብለው ጠርተውኛል። ዛሬስ? እሱን ሰምቼ ልሂድ።»

«አንተ ግትር!» እጁን ያዝኩት፤ በረዶ ሆኗል።

መጋረጃው ወረደ። ጭብጨባው አዳራሹን ነቀነቀው። ተዋንያኑ እጅ ነሱ፤ ደግመው ተጠርተው ደግመው እጅ ነሱ። ደራሲውን የጠራ ግን አልነበረም። ጭብጨባው ሳሳና ሰዉ ኮቱን መልበስ ጀመረ።

አምብሮዝ ሻንጣውን አነሳ። «በቃ፣ እንሂድ» አለኝ። ሠረገላው በኋላ በር ቆሞ ይጠብቀናል። ተርፈን ነበር። ግን ፊቱን አየሁት፤ ምነው ባላየሁት!

«ደራሲው ይውጣልን!»

የጮኽኩት እኔ ነኝ። ኮቱን የሚለብሰው ሰው ሁሉ ወደ መድረኩ ዞረ። አምብሮዝ ትክ ብሎ አየኝ፣ ሻንጣውን እግሬ ሥር አስቀመጠና ወደ መድረኩ ወጣ። ቀና ብሎ እጅ ነሳ። ሲመለስ ሁለቱ ፖሊሶች ክንዱን ያዙት።

ሁለት ዓመት ተፈረደበት። እኔም በጮኽኩበት ዕለት ከሥራዬ ተባርሬ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በገዛ አፌ አሳሰርኩት እያልኩ ራሴን ስረግም ኖርኩ።

የተፈታ ዕለት ጠዋት እስር ቤቱ በር ላይ ጠበቅሁት። ከስቶ፣ ጸጉሩን ተላጭቶ ወጣ፤ ሳያየኝም አለፈ። ይቅርታ ልለምነው ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ።

«አምብሮዝ» አልኩ፣ እንደ ልማዴ በሹክሹክታ።

ቆመ። ፊቱን ግን አላዞረም።

«ጮክ በይ እንጂ ሄስተር» አለኝ። «ያኔ እንደጠራሽኝ።»