ወፍራሙ ጠብታ

ሰኔ ዘጠኝ፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል።

ሠልጣኞቹ በየማይክሮስኮፑ ላይ አቀርቅረዋል። ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች። ከየአገሩ የመጡት በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቁትን የቆላ በሽታ በዓይናቸው ሊያዩ፣ በእጃቸው ሊሠሩ ነው። ሰበዝም አብራቸው አቀርቅራለች። የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ ብላ ነው የገባችው። ይህ ውሸት አይደለም። ውሸቱ ስሟና የመጣችበት ጉዳይ ነው።

በጋውኗ ኪስ፣ በተቆረጠ የጓንት ጣት የተጠቀለለች ብልቃጥ አለች። ላይዋ ላይ የከባድ ወባ መርፌ ይላል። ውስጧ ያለው ነጭ ዱቄት ግን ማንንም አያድንም። የሰበዝ ታናሽ ወንድም በዚሁ ዱቄት እየታከመ ሞቷል። ሐኪም ይዞት፣ በሰዓቱ እየተወጋ። «ዛሬ ይሻለኛል» እያለ እናቱን ሲያጽናና ነው ያረፈው። ለቅሶው ሳይነሳ ነበር አንድ ሰውዬ ድንኳኑ ውስጥ ከጎኗ ተቀምጦ «ማልቀሱን ሁሉም ይችላል» ያላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ሐሰተኛ መድኃኒት በስውር በሚያሳድደው ቡድን ውስጥ፣ አለቃዋ ነው። የሚስጥር ስሙ አጎት።

ትእዛዙ ቀላል ነው። ብልቃጧን «ሙሽራው» ለሚባል መልእክተኛ ማስረከብ። እሱ ድንበር ያሻግራታል፤ የሐሰተኛ መድኃኒት ነጋዴዎች እጅ በማይደርስበት ቦታ ትመረመራለች።

ሙሽራው ትናንት መጣ። ዘግይቶ የተመዘገበ ሠልጣኝ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ላቦራቶሪ ሠርቻለሁ የሚል፣ ጥርሱ የማይከደን። አሁን ከጎኗ ቆሟል።

«ቢምቢዋ ዘንድሮ ዘገየች» አለ።

«ዝናቡ ነው ያዘገያት» አለችው።

የይለፍ ቃሉ ገጠመ። እጇ ወደ ኪሷ ሄደ።

ሙሽራው ለሽፋን የደም ናሙና እየሠራ ነበር። በአንዱ መስታወት ላይ ሁለት ቅብ፦ አንዱ ስስ፣ አንዱ ወፍራም ጠብታ። ይህን የሠራ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል። አልኮሉ የሚነካው ስሱን ብቻ ነው። ወፍራሙን ከነካው ደሙ ይደድራል፣ ተሕዋሲው አይታይም። ስለዚህ መስታወቱን ጋደል አድርጎ፣ ጫፉን ብቻ ነው የሚነክሩት። እጅ የለመደው ነገር ነው፤ እንደ ጫማ ማሰር።

ሙሽራው መስታወቱን ከነወፍራሙ ጠብታ እስከ አንገቱ ነከረው።

የሰበዝ እጅ ኪሷ ውስጥ ቀረ።

«ዕቃው?» አለ በፈገግታ።

«ጓንቴ ተቀደደ። ልቀይርና መጣሁ።»

«ቶሎ በይ እንጂ እህቴ። ሙሽራ አይጠብቅም።»

«ደንበኛ ሙሽራ ሚዜዎቹን ይጠብቃል» አለችውና ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ አልሮጠችም። የሚሮጥ ሰው ይታወሳል። የመድኃኒት መጋዘኑን በር ገፍታ ገባች።

እማማ ቁልፍ ካርቶን ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን ይወለውላሉ። የመጋዘኑ ኃላፊ ናቸው፤ ቅጽል ስሙን ያወጣላቸው ወገባቸው ላይ የሚንሿሿው የቁልፍ ጥቅል ነው። ብልቃጧን የሰጧትም እሳቸው ናቸው።

«ምን ሆነሽ ነው? ፊትሽ አመድ መስሏል።»

«ሙሽራው ሙሽራ አይደለም፣ እማማ።»

«በምን አወቅሽ?»

«በእጁ።»

ስልኳን አውጥታ አጎት ጋ ደወለች። በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ። «ለልጁ ስጪውና ነይ።»

አለመስጠቷን ገና አልነገረችውም። በደንቡ ደግሞ ሙሽራው ድንበር እስኪሻገር ድረስ ከማንም ጋር አይነጋገርም፤ ደንቡን ያወጣው ራሱ አጎት ነው። ታዲያ አለመስጠቷን ማን ነገረው?

«እሺ አጎቴ» አለች። ስልኩን ዘጋች።

እማማ ቁልፍ ሁሉንም ከፊቷ ላይ አነበቡት። «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» አሉ። ከመጋዘኑ ጀርባ ወደ ልብስ ማጠቢያው የሚያስወጣ በር አለ። ቁልፉን ከጥቅሉ መዘው ፈቱት። «ሂጂ ልጄ። ይዘሻት ጥፊ።»

በሩ ተከፈተ። ጭድ የሚመስል ፀሐይ ገባ። ታጥበው የተሰጡ አንሶላዎች፣ ከነሱ ባሻገር መንገድ።

ሰበዝ አልተነቃነቀችም።

«ዋርዱ ውስጥ በመስኮቱ በኩል የተኛችው የወባ በሽተኛ፣ ነፍሰ ጡሯ» አለች፣ «ቀጣዩ መርፌዋ ስድስት ሰዓት ላይ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ከዚሁ ካርቶን?»

«ሌላ የለም። ለሐኪሙም ተናግሬ ነበር። ‹እማማ፣ እርስዎ ካርቶን ይቁጠሩ› አለኝ።»

ሰበዝ ሳቀች። የወንድሟ ሞት ከደረሰባት ወዲህ እንዲህ ስቃ አታውቅም።

«ዕቃውን ተደብቄ የማደርስለት ሰው የለም፣ እማማ። ሳልደበቅ አደርሰዋለሁ።»

አምስት ሰዓት ላይ ፕሮፌሰሩ ሠልጣኞቹን በትልቁ ክፍል ሰበሰቡ። ማይክሮስኮፑ ከግድግዳው ስክሪን ጋር ተያይዟል፤ በየቀኑ አንድ ሠልጣኝ ያዘጋጀውን ናሙና ለሁሉም ያነባል። ተራው የሌላ ሰው ነበር። ሰበዝ ቀድማው ቆመች።

ሙሽራው በሩ አጠገብ ነበር። ፈገግታው ተከደነ።

«የአንዲት ነፍሰ ጡር በሽተኛ ናሙና ነው» አለች። «ከትናንት ወዲያ መርፌ ከመጀመሯ በፊት። ትናንት። ዛሬ ጠዋት። ደሙን የወሰድነው እኛው ሠልጣኞች ነን።»

የመጀመሪያውን መስታወት አስገባች። ስክሪኑ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣቦች ፈሰሱ።

ሁለተኛውን።

ሦስተኛውን።

መቁጠር አላስፈለገም። ተሕዋሲው ከመስታወት መስታወት እየበዛ እንደ ጉንዳን ፈልቷል።

«ይኼ... ተለዋውጦብሽ ይሆናል» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ቅደም ተከተሉን ተሳስተሽ።»

«እርስዎ ይዩት፣ ፕሮፌሰር። ቀኑን መስታወቱ ላይ የጻፉት እርስዎ ነዎት።»

አዩ። መነጽራቸውን አወለቁ። እንደገና አዩ። ኩሩ ሰው ናቸው፤ ግን ዓይናቸውን አይክዱም።

«ተሕዋሲው መድኃኒቱን ተላምዶት ቢሆንስ?» አለች አንዲት ወጣት ሐኪም ከኋላ።

«ጥሩ ጥያቄ» አለች ሰበዝ። ብልቃጧን ከኪሷ አወጣች።

ሙሽራው በወንበሮቹ መካከል መምጣት ጀመረ።

መሟሟያውን ጨመረች። ነቀነቀች። ብርሃኑ ላይ አነሳችው። ጥሩው መድኃኒት ሲሟሟ እንደ ውኃ ይጠራል፤ እዚያ ያለ ሁሉ በእጁ ሠርቶት ያውቃል። ይሄኛው ወተት መሰለ። ቀስ እያለ ከታች ዘቀጠ።

«ተሕዋሲ የተላመደው መድኃኒት እንዲህ አይዘቅጥም» አለች። «ይህ ኖራ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ያችን ሴት የሚወጓት ይህን ነው።»

አንዱ ፎቶ ሊያነሳ ስልኩን አወጣ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሁሉም። ስክሪኑ ተነሳ፣ ብልቃጧ ተነሳች፣ ላይዋ ላይ ያለው ጽሑፍ ሳይቀር። መልእክተኛው አንድ ነበር፤ አሁን የክፍሉ ሰው ሁሉ ሆነ፣ ወደየአገሩ የሚመለስ።

ሙሽራው ክንዷን ጨመደደ።

«የመንግሥት ንብረት ነው» አለ ጮክ ብሎ። «ከየት ሰረቅሽው?»

«አሥራ ሁለት ዓመት ሠርተህ አልኮል መንከር ያላወቅህ» አለችው፣ «እኔን ስለ ሌብነት ትጠይቀኛለህ?»

ሠልጣኞቹ ሳቁ። ፊቱ ቀላ። ጭምደዳው ጠበቀ።

«ከየት አመጣሽው ነው የምልሽ!»

«ከእኔ።»

እማማ ቁልፍ በሩ ላይ ቆመዋል። ቁልፎቻቸው ይንሿሿሉ።

«እኔ ነኝ የሰጠኋት። ልጅቷ ታዛዥ ናት፤ አምጪ ያልኳትን አመጣች። የሚጠየቅ ካለ እዚህ ነኝ። ወይስ አሮጊት ትፈራለህ፣ የኔ ሙሽራ?»

ሰበዝ አፏን ከፈተች። እማማ ቁልፍ አዩዋት። አንዴ ብቻ። ያ ዓይን «ዝም በይ» አላት፤ ደግሞም «ሂጂ»።

ሙሽራው ሁለት ሰው በአንድ እጅ መያዝ አልቻለም። ክንዷን ለቆ ወደ በሩ ዞረ። ፕሮፌሰሩ «መርፌውን አቁሙ! ማንም ከዚያ ካርቶን እንዳይነካ!» እያሉ ወደ ዋርዱ ሮጡ። ሠልጣኞቹ ተከተሏቸው። ነጭ ጋውን በነጭ ጋውን ላይ ተደራረበ።

ከነዚያ ጋውኖች አንዱ ወደ ልብስ ማጠቢያው ታጠፈ።

ሰበዝ ጋውኗን ከቆሸሹት አንሶላዎች ጋር ዘንቢል ውስጥ ከተተች። የስልኳን ቺፕ ሰብራ ቱቦው ውስጥ ጣለች። አስታማሚ መስላ፣ ባዶ የምግብ ዕቃ ይዛ በበሩ ወጣች። ዘበኛው «እግዜር ይማርላችሁ» አላት። «አሜን አባቴ» አለችው።

ነፍሰ ጡሯ ከሌላ ሆስፒታል በአምቡላንስ በመጣ መድኃኒት ተወጋች፤ በሳምንቱ በእግሯ ወጣች። ካርቶኖቹ ከየመጋዘኑ ተሰበሰቡ። አጎት ጡረታ ወጣ። ሰበዝ ዛሬ በሌላ ስም፣ በአንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ ደም ትመረምራለች።

እማማ ቁልፍ በተያዙ በስምንተኛው ወር፣ የደም ግፊታቸው ተነስቶ፣ እስር ቤት ውስጥ ሞቱ። እስከዚያች ቀን ድረስ ክስ አልተመሠረተባቸውም ነበር።