ወደ ቅርናል በቀጥታ አትሂጂ

በወርዜብ መንግሥት ዋና ከተማ በአምባ ዜማር፣ ፀሐይ አናት ላይ በቆመችበት አንድ ቀን፣ የምንጩ ውሃ በድንገት መረረ። ከብቶች አፋቸውን ነክረው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ልጆች የተጎነጩትን ተፉ። ካህናቱ ወደ ምንጩ ዋሻ ሮጠው ሲገቡ፣ ከአለቱ እምብርት ላይ ሆኖ ለሺህ ዓመት ያበራው ሰማያዊ ዕንቁ፣ «የምንጩ ዓይን»፣ ከስፍራው ጠፍቷል። በአለቱ ላይ የቀረው እንደ ማረሻ የሰፋ የጥፍር ጭረት ብቻ ነበር።

ያን ጭረት ሁሉም ያውቀዋል። በቅርናል ተራራ ሆድ ውስጥ የሚኖረው፣ ቅርፊቱ እንደ ጥቁር ባልጩት የሚቆርጠው ባለ ክንፉ ዘንዶ፣ ዘንጋር ነው።

በዚያው ዓመት አርባ አንድ ወጣቶች ሰይፋቸውን ወልውለው ተራ በተራ ወደ ተራራው ዘመቱ። አንዳቸውም አልተመለሱም። የመጨረሻው ዘማች ሐርቤል ይባል ነበር። መንገድ ሊመራው አብሮት የወጣው ጎርሳድ የተባለ አሮጌ ወታደር ግን፣ እጅጌው በሐርቤል ደም ተነክሮ ብቻውን ተመለሰና «ትቼው መጣሁ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የከተማው ሰው «ሸሺው» ሲል ጠራው፤ ከግንቡ ውጭ ባለች ጎጆ ብቻውን ኖረ።

ሐርቤል አንዲት እህት ነበረችው፤ ታምሪያ። ሥራዋ ገመድ መግመድ ነበር። በሃያ ዓመቷ በንጉሥ ኤልሳፍ ዙፋን ፊት ቆማ ቀኝ እጇን አነሳች።

«በመረረው ውሃና ባልተቀበረው በወንድሜ አጥንት እምላለሁ! የምንጩን ዓይን ሳልይዝ በዚህች ከተማ በር ተመልሼ አልገባም!»

ንጉሡ ከዙፋናቸው ወደ እሷ ጎንበስ አሉ። «ልጄ ሆይ፣ መሐላሽን ሰምቻለሁ። ነገር ግን ብቻሽን አልሰድሽም። መንገዱን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ቀርቶናል፤ ማን እንደሆነም ታውቂያለሽ።»

ታምሪያ አወቀች። ጥርሷን ነከሰች።

ጎርሳድ በጎጆው በር ላይ ሲያያት አልተነሳም። ጋሻ፣ ሁለት ሰይፍ፣ የብረት ቁር፣ ድንኳን፣ ሦስት ጥቅል ልብስ፣ ገመድና አንድ ትልቅ ድስት ተሸክማለች።

«ልትዋጊ ነው ወይስ ጎጆ ልትወጪ?» አላት።

«አንተ መንገዱን አሳየኝ። ሌላውን እኔ አውቃለሁ።» ለታላቅ የሚገባውን «እርስዎ» ሆን ብላ ከለከለችው።

«ግማሹን እዚሁ ጣዪው። ጅብ ሲያባርርሽ ድስቱ አይሮጥልሽም።»

ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ አንድ ሰይፍ፣ ውሃ፣ ስንቅና ገመዷ ብቻ ቀሩላት። ከጎጆው ራቅ እንዳሉ የቅርናል ጫፍ በሰሜን በኩል ጥርት ብሎ ታየ፤ ጎርሳድ ግን ፊቱን ወደ ደቡብ አዞረ።

«ወዴት ነው?» ብላ ጮኸች። «ተራራው እኮ እዚያ ነው!»

«ወደ ቅርናል በቀጥታ አትሂጂ። ከከተማው በር ላይ ስለሚታይ ቅርብ ይመስላል። አርባ አንዱም እሱን እያዩ፣ የሚረግጡትን ሳያዩ ሄዱ። አገሩን ሳታውቂ፣ ክንድሽ ሳይጠነክር፣ ከማንም ጋር ሳትነጋገሪ ዘንጋር ፊት ብትቆሚ ለቁርሱም አትበቂው።»

«ፈሪ ነህ።»

«ነኝ። ለዚህም ነው በሕይወት ያለሁት።»

በሦስተኛው ቀን በአንድ ደረቅ ሸለቆ ውስጥ ድንጋይ ለበስ ጅቦች አገኟቸው። ቆዳቸው ከአለቱ ስለማይለይ ሲተኙ ቋጥኝ ይመስላሉ። ታምሪያ አንዱ ሲንቀሳቀስ እንዳየች ሰይፏን መዝዛ ሮጠች። ጎርሳድ «ቁሚ! መጀመሪያ ስንት እንደሆኑ ተመልከቺ!» እያለ ጮኸ፤ አልሰማችውም። ሰይፏ የጅቡ ጀርባ ላይ አርፎ ለሁለት ተሰበረ። በዙሪያዋ ያሉት ሌሎች ስድስት ቋጥኞች ዓይናቸውን ገለጡ።

ጭኗን ነክሰው ሲጎትቷት ጎርሳድ የሚነድ ችቦ ወርውሮ በተናቸው፤ በፀጉሯ ጎትቶም አለት ላይ አወጣት። ቁስሏን ሲያስር እጁ ገር አልነበረም።

«ሆዳቸው ሥር ድንጋይ የለም» አላት። «ቁጭ ብለሽ ግማሽ ሰዓት ብታዪአቸው ኖሮ ታውቂው ነበር። ሊገድልሽ የሚመጣን ነገር መጀመሪያ በዓይንሽ አጥኚው። ካልቻልሽው ሩጪ። መሮጥ ያሳፈረው ሁሉ እዚህ ሸለቆ ውስጥ አጥንቱ ተበትኗል።»

እየጠላችው አዳመጠችው። ሌላ የሚያስተምራት አልነበረም።

ቁስሏ ሳይሽር ደረቆ ወደምትባል መንደር ደረሱ። በሩ ተዘግቷል። ከግንቡ ላይ የድንጋይ ናዳ ወረደባቸው፤ አንዲት ቀጠን ያለች ሴትም ብቅ አለች። ስሟ ሜልዛ ነው፤ የመንደሩ መድኃኒት አዋቂ ናት።

«ደግሞ ጀግኖች መጡ!» አለች። «ባለፈው የመጡት ሳያንኳኩ ቤታችን ገብተው ማሰሮአችንን ሰባበሩ፣ ሳጥናችንን በረበሩ! ‹ለዘመቻው ነው› ብለው የልጆቼን እህል ወሰዱ! ከዚህ ጥፉ!»

ታምሪያ በንጉሡ ስም ልታዝዝ አፏን ስትከፍት ጎርሳድ ክንዷን ጨብጦ «ዝም በይ። ምን እንደሚያስፈልጋቸው ጠይቂ» አላት።

ታምሪያ ሳትወድ ጠየቀች። «እሜቴ፣ ምን ልርዳችሁ?»

ሜልዛ ሳቀች፤ ሳቋ ደግ አልነበረም። ጥልቅ ጉድጓድ አላቸው፤ እታች ያለው ውሃ ምሬቱ ይቀላል፤ ነገር ግን ገመዱ በስብሶ ተበጥሷል። ታምሪያ በሩ ላይ ተቀምጣ በሰጧት ቃጫ ሦስት ቀን ሙሉ ገመደች። መዳፏ ደማ። ማንም አላመሰገናትም። በአራተኛው ቀን ባልዲው ሞልቶ ሲወጣ ግን ሜልዛ መጥታ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«ዘንጋር ዕውር ነው» አለች። «ዕንቁውን ከሰረቀ ወዲህ ቀን ከሌት ሲያየው ብርሃኑ ዓይኑን አጠፋው። ከተራራው ሥር መድኃኒት ስለቅም በዓይኔ አይቻለሁ። አሁን የሚያድነው በጆሮው ነው። ከጀርባ በኩል ደግሞ የድሮ ውሃ የወጣበት ስንጥቅ አለ፤ ሰው ያሾልካል።»

ታምሪያ ደነገጠች። አርባ አንዱ ሰዎች የጦር መዝሙር እየዘመሩ በዋሻው የፊት በር ነበር የገቡት።

«እኔም እመጣለሁ» አለች ሜልዛ። «ለእናንተ ብዬ እንዳይመስላችሁ። ልጆቼ ያን ውሃ እየጠጡ ከሱ።»

ክረምቱን ሙሉ ወደ ቅርናል በሚወስደው ዙሪያ መንገድ ተንከራተቱ። በየመንደሩ በጥርጣሬ ዓይን ታዩ፤ በየጫካው ታደኑ። ታምሪያ ሰይፏን ሳትመዝ መንጋ ማለፍን፣ ከመግባቷ በፊት መውጫዋን መፈለግን፣ ጉልበቷ ሳያልቅ ማረፍን ተማረች። ከአንድ ቀጥቃጭ ዘንድ አሥራ አምስት ቀን ወናፍ ነፍታ አጭርና ጠንካራ ሰይፍ አሠራች። ድንጋይ ለበሶቹን ዳግመኛ ስታገኛቸው በሆዳቸው በኩል ሦስቱን ጣለች። ጎርሳድ አላወደሳትም፤ «ክንድሽ ዘግይቷል» ብቻ አላት።

ቅርናል ሥር በደረሱ ቀን ተራራውን እያየች ጠየቀችው። «ወንድሜ እንዴት ሞተ?»

ጎርሳድ አለት ላይ ተቀመጠ። «በፊት በር ቆሞ ስሙን ጠርቶ ፎከረ። ስለምነው ገፈተረኝ። ዘንጋር ሲመታው ጎትቼው ልወጣ ሞከርኩ፤ ከወገቡ በታች ምንም አልነበረውም። ‹አትተወኝ› አለኝ። ሁለታችንም እንሙት ወይስ መንገዱን የሚያውቅ አንድ ሰው ይትረፍ? መረጥኩ። በየቀኑ ደግሜ እመርጣለሁ፤ በየቀኑም ያመኛል።»

ታምሪያ ፊቷን አዙራ አለቀሰች። ይቅር አላለችውም። ስንቁን ስታቀርብ ግን «ይብሉ» አለችው።

በማግስቱ፣ ፀሐይ ስትግል፣ ሜልዛ ስንጥቁ አፍ ላይ ቆማ ገመዱን ያዘች። ታምሪያና ጎርሳድ ጫማቸውን አውልቀው ወረዱ። ታች የአርባ አንዱ ዘማቾች አጥንት ተከምሯል። ከመካከሉ ዘንጋር ተኝቷል፤ ትንፋሹ የዋሻውን አቧራ ያነሳል፣ ይጥላል። ዕንቁው ከክንዱ አጠገብ ባለ የአለት ዓምድ ላይ ያበራል። ታምሪያ ትንፋሿን ውጣ፣ እግሯን በአጥንቶቹ መካከል እየመረጠች ቀረበችና በሁለት እጇ አነሳችው።

ዓምዱ ተሰነጠቀ። ጣሪያው ተንዶ ወረደ። ጎርሳድ ታምሪያን ወደ ፊት ገፈተራት፤ ቋጥኙም በሁለት እግሮቹ ላይ ወደቀ።

ዘንጋር ራሱን አነሳ። ጭልም ያሉት ዓይኖቹ ምንም አላዩም፤ ጆሮው ግን ቆመ።

ታምሪያ ተንበርክካ ቋጥኙን ገፋች። አልነቃነቅ አለ። ጎርሳድ ጆሮዋን ስቦ አንሾካሾከ፦

«እጅሽን ከቋጥኙ አንሺ።»

«አልተውዎትም።»

«ገመዱ ላይ ስትወጪ ዘንጋር ድምፅሽን ይሰማል። የሚሰማው ሌላ ነገር ያስፈልገዋል።»

«አልችልም፣ አባቴ፤ አልችልም።»

«ማንም አይችልም። ይደረጋል እንጂ። ሂጂ።»

ከዚያ ሳትመልስለት ድምፁን ከፍ አድርጎ ዋሻውን በስድብ ሞላው። «አንተ የጉድጓድ እንሽላሊት! ባለ ቡትቶ ክንፍ! አርባ አንድ ልጅ በልተህ ዛሬም አልጠገብክ? ና! እኔ ጎርሳድ ነኝ! እዚህ ነኝ!»

ዘንዶው ወደ ድምፁ ዞረ። ታምሪያ ዕንቁውን በጉያዋ ሸጉጣ ገመዱ ላይ ወጣች። ከበታቿ ስድቡ ቀጠለ፤ አንዱንም ሳይደግም፣ አዳዲስ እየፈጠረ። ዘንጋር በቁጣ ጭራውን ሲያወናጭፍ የቀሩት ዓምዶች አንድ በአንድ ተሰበሩ። ስንጥቁ አፍ ላይ ስትደርስ ድምፁ ተቋረጠ። ወዲያው ተራራው በዘንዶውም በሰውየውም ላይ ተደረመሰ።

ታምሪያ ተመልሳ ልትዘል ስትል ሜልዛ ወገቧን አቅፋ ያዘቻት። ታምሪያ የሜልዛን እጅ ነከሰች። ሜልዛ ደሟ እየፈሰሰ አልለቀቀቻትም።

የምንጩ ዓይን ወደ ስፍራው በተመለሰ ዕለት አምባ ዜማር በእልልታ ተናወጠች። ንጉሥ ኤልሳፍ ከዙፋናቸው ወርደው ታምሪያን በእጇ ያዟት። አዝማሪው መሰንቆውን ቃኝቶ «ዘንጋርን የጣለች» ብሎ ሲጀምር ግን እጇን አነሳች።

«አልጣልኩትም» አለች። «እኔ ሮጥኩ። የጣለው ጎርሳድ ነው። እግሩ በቋጥኝ ተይዞ፣ በሕይወት ሳለ፣ ትቼው መጣሁ።»

እልልታው ቆመ። አደባባዩ ላይ የቆሙት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ከፊት ያለው ሽማግሌ ፊቱን አዞረባት፤ ሌሎችም ተከተሉት።

ከሕዝቡ መካከል ጥቁር የለበሱ አንዲት ሴትዮ ወጡ። ልጃቸው ከአርባ አንዱ ሁለተኛው ዘማች ነበር።

«ልጄ፣ የእኔም ልጅ ሲሞት አጠገቡ ሰው ነበረ?»

«አላውቅም፣ እማማ» አለች ታምሪያ። «ውሸት አልነግርዎትም። አጥንታቸውን ግን አይቻለሁ። አንድ ላይ ናቸው።»

ሴትዮዋ ወደ ምንጩ ሄደው በቅላቸው ቀዱ፤ ራሳቸው ሳይቀምሱ ለታምሪያ ዘረጉላት።

ውሃው ጣፋጭ ነበር። እስከ መጨረሻው ጠጣችው።