ከማጅራት ከፍ ብሎ

«ኢንሳፍ፣ እዚህ ጋ ፀጉርሽን ምን ነካው?»

እናቷ እንዲህ ብላ የጠየቀቻት ቅዳሜ ጠዋት ነው። ኢንሳፍ ሹሩባዋን ፈትታ፣ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ሥር ጎንበስ ብላ ራሷን እየታጠበች ነበር። ዓይኗ ላይ የወረደውን አረፋ በክንዷ ጠርጋ ቀና አለችና እጇን ወደ ኋላ ልካ ከማጅራቷ ከፍ ብሎ ያለውን ቦታ ዳበሰች። ጣቷ አንድ የሚያዳልጥ ነገር ላይ አረፈ። ሰው አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ራስ ተሸክሞ ሲዞር ይኖራል፤ የኋላውን ግን አንድም ቀን አይቶት አያውቅም።

«ምንም አይደለም አዮ። ሳሙናው ነው።»

«ሳሙና ፀጉር ይበላል እንዴ? ያ ረቢ! ላሽ እንዳይሆን ብቻ። የቡሽራ የሠርግ ሒና ሁለት ሳምንት ነው የቀረው፤ አንቺ ደግሞ ሚዜ ነሽ። ነይ እስቲ፣ ጠጋ በይ፣ ልየው…»

ኢንሳፍ ፎጣውን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ክፍሏ ሮጠች። እናቷን ታውቃታለች። ጫጩት ብታስነጥስ ጤና ጣቢያ የምትወስድ ሴት ናት። ነገሩ እሷ እጅ ከገባ ዙህር ሳይደርስ የጭሮ ሴት ሁሉ ይሰማዋል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ገለምሶ ይደርሳል። ለወንድሟ ለአክረም ብታሳየውም ሐራም አልነበረም፤ ግን ቅጽል ስም ያወጣላታል፤ እሱ ያወጣው ስም ደግሞ አይለቅም። የቀረችው ሳብሪና ናት። ሳብሪና ጎረቤቷ፣ የክፍል ጓደኛዋና ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ፀጉሯን የምትሠራት ልጅ ነበረች። የኢንሳፍ የኋላ ዓይን እሷ ነበረች ማለት ይቻላል። በየሁለት ሳምንቱ ሠርታ ስትጨርስ ትከሻዋን መታ አድርጋ «ጨርሰናል፤ ከኋላ ቀሽት ነሽ!» ትላታለች። ኢንሳፍም አምና ትነሳለች።

ዛሬ ግን ራሷ ማየት ፈለገች።

በሩን ቆለፈች፤ መጋረጃውን ሳበች። ቤት ውስጥ ያለው መስተዋት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቁምሳጥኑ ላይ ተለጥፏል። በአንድ መስተዋት ደግሞ የኋላ አይታይም። ስለዚህ አክረም አዲስ ሲገዛ የተወላትን ስልክ አወጣች። ፊቱ ተሰንጥቋል፤ ካሜራው ግን ደህና ነው።

መጀመሪያ ስልኩን በቀኝ እጇ ይዛ ክንዷን ወደ ኋላ አጠማዘዘችና ፎቶ አነሳች። የወጣው ጆሮዋ ነው፤ ያውም ግማሹ። ሁለተኛው ላይ የጣሪያው ቆርቆሮ ወጣ። ሦስተኛው ላይ መጋረጃውና የራሷ ክርን። በአራተኛው ስልኩ ከእጇ አመለጠና አልጋው ላይ ወደቀ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ያነሳው ፍራሹን ብቻ ነው።

ከዚያ መላ መጣላት። የመስኮቱ ደፍ ላይ የወተት ዱቄት ጣሳ አስቀምጣ ስልኩን አስደገፈችው። በአሥር ሰከንድ ራሱ እንዲያነሳ አዘዘችውና ሮጣ ጀርባዋን ሰጠች። ግን እርጥብ ፀጉር በአሥር ሰከንድ ተከፍሎ አያልቅም። ፎቶው ላይ የሚታዩት አሥር ጣቶች ብቻ ነበሩ፤ ሸረሪት ራሷ ላይ የወጣ ይመስላል። ደገመችው። አሁን ደግሞ ራቅ ብላ ስለቆመች ራሷ ሎሚ አከለ።

«አቦ! ምን አስቸኮለኝ?» አለች ለራሷ። «ቪዲዮ እያለ!»

ነጠላ ጫማዋን አውልቃ መቆም ያለባት ቦታ ላይ አኖረችው። ቪዲዮውን ከፍታ ሄደች፤ ጫማው ላይ ቆመች፤ አፍንጫዋ ቁምሳጥኑን እስኪነካ ድረስ ተጠጋች። ከዚያ ሳትቸኩል በሁለት እጇ ፀጉሯን ከመሃል ከፈለች። እስከ ሃያ ቆጠረች። ውጭ አንድ የጫት መኪና ጥሩንባውን እየነፋ አለፈ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ ጣሳው ግን አልወደቀም። ተመልሳ ቪዲዮውን እያስኬደች ጥሩው ቦታ ላይ አቆመችው።

ከማጅራቷ ከፍ ብሎ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ባዶ ቦታ አለ። ቆዳው ያብረቀርቃል። ዙሪያውን ያለው ፀጉር አጫጭርና የተሰባበረ ነው፤ ማሽላ ታጭዶ የተነሳበት እርሻ ይመስላል።

አልጋው ላይ ተቀመጠች። አልቅሺ አልቅሺ ቢላትም አላለቀሰችም፤ ምክንያቱም ሌላ ነገር ትዝ አላት። ከሁለት ወር ወዲህ ሳብሪና ከኋላዋ አንድ ወፍራም ሹሩባ ከግራ ወደ ቀኝ አግድም መሥራት ጀምራ ነበር። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ስትላት «አዲስ ስታይል ነው፤ ፏ ይላል» አለቻት። ሹሩባው የሚያርፈው ልክ ባዶው ቦታ ላይ ነው። ስታይል አልነበረም። ክዳን ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሳብሪና ሚዶዋንና ዊጓን በፌስታል ይዛ እየዘፈነች መጣች።

«ነይ ተቀመጪ! የሒናውን ስታይል ዛሬ አንቺ ላይ ልሞክረው። ያቺ የፀጉር ሳሎን ያላት ሴትዮ ሒናው ላይ ትመጣለች፤ ነግሬሻለሁ? ሥራዬን አይታ ከወደደችው ክረምቱን እሷ ጋ ሥራ እገባለሁ። ወላሂ እንቅልፍ አጣሁ!»

«ሳቡ» አለች ኢንሳፍ ሻሿን ሳትፈታ። «ከኋላዬ እንዴት ነው?»

«ምኑ?»

«ፀጉሬ።»

የሳብሪና እጅ ፌስታሉ ውስጥ ትንሽ ቆየ። «ሐር ነዋ! ዛሬ ደግሞ ምን ነካሽ?»

ኢንሳፍ ስልኩን አውጥታ ልታሳያት ትችል ነበር፤ ኪሷ ውስጥ ነው። ግን የጓደኛዋ ፊት ላይ ያለው ደስታ ያዛት። «ዛሬ ይቅር» አለች ብቻ። «ራሴ ትንሽ ይረፍ።»

ማታ ግቢው ውስጥ ተከራይተው የሚኖሩትን የሲስተር እፀገነትን በር አንኳኳች። ሲስተር ከጎጃም ወደ ጤና ጣቢያው ተመድበው የመጡ፣ ከሥራ ሲመለሱ እግራቸውን ውኃ ውስጥ ነክረው የሚቀመጡ ሴት ናቸው። ኢንሳፍ ራሷን ሳትገልጥ ፎቶውን ብቻ ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩት።

«ማን አነሳሽ?»

«እኔው ነኝ።»

«ከኋላ? ብቻሽን?» ሳቁ። «እኔ የፊቴንም ማንሳት አልችል! በይ ስሚኝ፤ ይሄ ላሽ አይደለም፤ ወደ ሰው አይተላለፍም። ከመጎተት የመጣ ነው። ፀጉርሽን ጥብቅ አድርገው ነው የሚሠሩሽ?»

ኢንሳፍ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ሳብሪናን በየጊዜው «አጥብቂው፣ ቶሎ እንዳይፈታ» የምትላት ራሷ ነበረች።

«ሥሩ አልሞተም ብዬ አስባለሁ» አሉ ሲስተር። «ሦስት አራት ወር ሹሩባም ዊግም አይንካው። በየቅዳሜው እዚያው ቦታ፣ በዚያው ብርሃን አንሺውና አምጪልኝ። እያደገ መሆኑን ፎቶው ይነግረናል። ካላደገ ሐኪም ጋ እንልክሻለን።»

«ሒናው ላይ ሚዜ ነኝ እኮ ሲስተር። አራታችን ሚዜዎች አንድ ዓይነት ነው የምንሠራው።»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ የማውቀው ቆዳውን ነው» አሉና ፎጣቸውን አነሱ።

ኢንሳፍ ክፍሏ ገብታ ስታስበው ቆየች። ባትሠራ ከሚዜዎቹ ሰልፍ ትወጣለች። ምክንያቱን ብትናገር ደግሞ የሳብሪና የሳሎን ሥራ ገደል ይገባል። ስለዚህ አንድ ዕቅድ አወጣች፦ የሒናው ቀን ሳብሪናን ለብቻዋ ጠርታ ፎቶውን ታሳያታለች፤ ለሌላው ሰው ራሴን አሞኛል ትላለች። ማንም አይጎዳም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለተኛውን ፎቶ ስታነሳ እጇ ለምዶ ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሞከረችው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ አየች። ልዩነት የላቸውም። ቢሆንም የራሷን ኋላ ማወቋ ብቻውን ደስ አላት።

የሒናው ቀን የቡሽራ ቤት ከሴት በቀር ማንም የማይገባበት ሆነ። ሴቱ ሁሉ ሻሹን ስለሚያወልቅ፣ የሙሽራዋ አክስት በሩ ላይ ቆመው በጨርቅ ከረጢት ስልክ ይሰበስባሉ።

«ስልክ! ስልክ! ስልክ የደበቀች ሳታገባ ታርጅ!»

ኢንሳፍ ስልኳን ከረጢቱ ውስጥ ከጣለች በኋላ ነው ፎቶው ትዝ ያላት። ዞር አለች። «እትዬ፣ አንዴ ብቻ…»

«አንዴም ሁለቴም የለም! ግቢ!»

ጓዳ ውስጥ ሳብሪና ዱካ ላይ ተቀምጣ ሥራ ጀምራለች። ጉልበቷ መሃል የተቀመጠችው የቡሽራ ታናሽ እህት ሳጂዳ ናት፤ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ከገለምሶ የመጡት የሙሽራው ሁለት እህቶች ተራቸውን እየጠበቁ የተቀቡትን ሒና ያደርቃሉ። ባለሳሎኗ ገና አልመጣችም።

«አይ! ሳቡ፣ ቀስ!» አለች ሳጂዳ።

«አቦ ቻይ! ያልጠበቀ ሹሩባ እስከ ሠርጉ አይደርስም።»

«ቅንድቤ ግንባሬን አልፎ ሄደ እኮ! ነገ የት ልፈልገው ነው?»

የገለምሶ ልጆች ሳቁ። ሳጂዳም ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። ኢንሳፍ ጎንበስ ብላ አየች። ከሳጂዳ ማጅራት በላይ፣ ፀጉሩ ከቆዳው በሚወጣበት ቦታ፣ ቆዳው ተወጥሮ ነጭ ነጥብ ነጥብ አውጥቷል።

«ሳቡ፣ ላላ አድርጊላት።»

«ሥራ አታስተምሪኝ» አለች ሳብሪና ሳታያት። «ተራሽ ሲደርስ ያንቺን አላላዋለሁ።»

«ነይ እስቲ ውጭ፣ ላናግርሽ።»

«አሁን? እጄ ላይ ፀጉር ይዤ?»

ሳጂዳ እንደገና «አይ!» አለች። ጣቶቿ የቀሚሷን ጫፍ ጨምድደው ይዘዋል። ኢንሳፍ ኪሷን ነካች፤ ባዶ ነው። ራሴን አሞኛል ብላ መውጣት ትችላለች። ብትወጣ ግን ሳጂዳ እዚያው ትቀራለች፤ የሳጂዳን የኋላ ደግሞ ሳጂዳ አታየውም።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የፀጉሯን ማሰሪያ ፈታች፤ በሁለት እጇ ከመሃል ከፈለችው። ቦታውን አልፈለገችውም፤ ጣቶቿ ያውቁታል።

«ላሽ!» አለች አንደኛዋ የገለምሶ ልጅ ከመቀመጫዋ እየተነሳች። «ያ ረቢ! በዚያው ሚዶ እኛንም ልትሠሪን ነበር?»

«ላሽ አይደለም» አለች ኢንሳፍ ወደ ግድግዳው እንደዞረች። «ሲስተር እፀገነት አይተውታል። አይተላለፍም። ሹሩባው ሲጠብቅ ነው እንዲህ የሚሆነው። አጥብቂው ያልኳት እኔ ነኝ።»

«ባይተላለፍስ! እኔ ራሴን ለዚህች አልሰጥም።»

ኢንሳፍ እጇን አውርዳ ዞረች። ሳብሪና ሚዶውን እንደያዘች ደርቃለች። ፊቷ መጀመሪያ በንዴት ቀላ፤ ከዚያ እፍረት ለበሰ።

«ዛሬ ነው እንዴ ይሄ የሚባለው?» አለች በቀስታ። «ዛሬ?»

«ለብቻሽ ልነግርሽ ነበር። ፎቶው ስልኬ ላይ ነው። ስልኩ ደግሞ…»

«ፎቶ? ማን አነሳሽ?»

«ራሴ።»

ሳብሪና ሚዶውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ሁለት ወር ሆኖኛል ካየሁት» አለች። «ደነገጥኩ። ‹ብነግራት ሁለተኛ ራሷን አትሰጠኝም› አልኩ። የማሳየው ያንቺ ፀጉር ብቻ ነበር እኮ፤ ‹ያቺን ልጅ የሠራኋት እኔ ነኝ› የምለው።»

ኢንሳፍ የተናደደች መስሏት ነበር፤ አሁን ስትፈልገው ንዴቱ ብዙም አልነበረም። ሄዳ ከሳጂዳ በስተግራ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና የመጀመሪያውን ሹሩባ ከጫፉ መፍታት ጀመረች። ትንሽ ቆይታ ሳብሪናም በቀኝ በኩል ያለውን ያዘች።

«እፎይ» አለች ሳጂዳ። «ቅንድቤ ተመለሰ።»

በሩ ላይ የሙሽራዋ አክስት «ምን ሆናችሁ ነው የምትወጡት? ገና ሳትሠሩ?» ሲሉ ተሰማ። የሙሽራው እህቶች ሻሻቸውን ጠምጥመው፣ ስልካቸውን ከከረጢቱ ተቀብለው፣ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ፀጉር ቤት ሄዱ። ሳጂዳ ቀረች። ሳብሪና ለባለሳሎኗ የምታሳየው ሹሩባ ሳይኖራት ቀረች። ኢንሳፍም ቀረች።