ስም የሌለው ቸርኬ

«ግመሉ የታለ?» አለች ጡሪ።

አባቷ ቦኩና ነጋዴው ሐጂ ጁነዲን ከፍራንሲስ የብስክሌት ጋራዥ ደጃፍ፣ ከግራሩ ጥላ ስር ቁጢጥ ብለው ቀኝ እጃቸውን በአባቷ ፎጣ ሸፍነዋል። ሞያሌ ውስጥ ሁለት ሰዎች እጃቸውን በፎጣ ስር ከደበቁ ግመል እየተሸጠ ነው ማለት ነው። ዋጋው በአፍ አይነገርም። ጣት በጣት እየተያዘ፣ እየተጨመቀ፣ ዙሪያውን የቆመው ሰው ምንም ሳይሰማ ነገሩ ያልቃል። አባቷ የግመል ደላላ ስለሆነ ጡሪ ይህን እያየች ነው ያደገችው። ዛሬ ግን ግመል የለም። በሩ ላይ ካርቶን የምታኝክ አንዲት ፍየል ብቻ አለች፣ እሷም የፍራንሲስ ናት፣ አትሸጥም።

አባቷ ቀና ብሎ አያትና ወዲያው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ሐጂ ጁነዲን ግን ፈገግ አሉላት። ፈገግታቸው ምንም ደስ አላላትም።

«ጡሪ! ነይ ወዲህ!» ሲል ፍራንሲስ ከውስጥ ተጣራ።

ጋራዡ ውስጥ ሁለት ጥንድ ቸርኬ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሁለቱም ካርቦን፣ ሁለቱም ጥቁር። በአንደኛው ጥንድ ጎን ላይ በትላልቅ ነጭ ፊደላት የጣሊያን ስም ተጽፏል። ይህን ሐጂ ጁነዲን ትናንት ከናይሮቢ በአውቶቡስ አስጭነው ነው ለጡሪ ያመጡላት፤ ለልጃቸው ለሂካም ተመሳሳዩን ገዝተውለታል። ዋጋውን የሰማ ሁሉ «የመኪና ነው የብስክሌት?» እያለ ይጠይቃል። ሌላኛው ጥንድ ላይ ምንም አልተጻፈበትም። እሱን ጡሪ ራሷ ሦስት ፍየሎቿን ሸጣ ከቻይና ያስመጣችው ነው። እስኪደርስ ሁለት ወር ተኩል ጠብቃለች።

የጡሪ ብስክሌት የአንድ ፈረንጅ ነበር። ከካይሮ ተነስቶ ኬፕታውን ሊገባ ሲሄድ ሞያሌ ላይ ወባ ጣለው። እነጡሪ ቤት ሦስት ሳምንት ተኝቶ ሲያገግም በአውሮፕላን ወደ አገሩ ተመለሰ፣ ብስክሌቱንም ትቶላት ሄደ። ቸርኬዎቹ ብቻ ጉድጓድ ውስጥ ገብተው ተጣመው ነበር።

ነገ እሁድ በአዲሱ አስፋልት ላይ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ውድድር አለ። ከሞያሌ ቁልቁል እስከ ጎልቦ ሜዳ፣ ከዚያ ዞሮ ዳገቱን ወደ ሞያሌ መመለስ ነው። የውድድር ብስክሌት ያለው ሰው ስለማይበዛ ወንድም ሴትም አብረው ነው የሚነዱት። አንደኛ የወጣ ኬንያ፣ ኤልዶሬት ያለ የብስክሌት ማሠልጠኛ ይገባል፤ ሁለት ዓመት፣ ትምህርቱም እዚያው። ሁለተኛ የወጣ ፔርሙስ ይሸለማል።

ጡሪ ፔርሙስ አትፈልግም። ቤታቸው ውስጥ ሁለት አለ።

ጠዋት ሁለቱንም ጥንድ ቁልቁለቱ ላይ ሞክራለች። የሐጂ ጁነዲን ቸርኬ ፍሬን ሲያዝ ቀጥ ይላል፣ ድምፅ እንኳ የለውም። የራሷ ግን ጮኸባት። ታች ስትደርስ የተቃጠለ ነገር ሸተታት፣ ቸርኬውን ስትነካው ፈጃት።

«ልዋሽሽ?» አለ ፍራንሲስ። የኬንያ ሜሩ ሰው ነው፤ ከተማው በስዋሂሊ «ፉንዲ»፣ መካኒክ፣ ይለዋል። አማርኛን የተማረው እዚሁ ድንበር ላይ ጎማ እየለጠፈ ነው። «የሐጂ ይሻላል። ካርቦን ሙቀት አያስወጣም። ውስጡ ሙጫ አለ። የውዱ ሙጫ እሳት ይችላል። ያንቺ ርካሽ ነው፣ ፍሬን ይዘሽ ከቆየሽ ይለሰልሳል። ከዚያ ክዊሻ! አለቀ።»

«ይዤ ካልቆየሁስ?»

«ያዝ፣ ልቀቅ፣ ያዝ፣ ልቀቅ። ከላይ ጀምረሽ ቀስ። ፍጥነት አታብዢ። እንደዚያ ከሆነ ይችላል። ግን ቁልቁለቱ ላይ ሁሉም ጥለውሽ ይሄዳሉ፣ ሳዋ? እሺ?»

«ዳገቱ ላይስ?»

ፍራንሲስ ከሁለቱም ጥንድ አንዳንድ አንስቶ በሁለት እጁ አንጠለጠለ፣ ከፍ ዝቅ አድርጎ መዘነ። «ክብደቱ እኩል ነው። ዳገት ጽሑፍ አያነብም» አለ።

በዚህ መሃል ሂካ ገባ። የሐጂ ጁነዲን ልጅ ነው፣ የጡሪ የክፍል ጓደኛ። ዳገት ላይ መቀመጫውን ለቅቆ ቆሞ መንዳትን ያስተማረችው እሷ ናት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሄሉ መንደር ድረስ አብረው ነድተዋል።

«አሪፍ ነው አይደል?» አለ ባለስሙን ቸርኬ በጣቱ እየነካ። «ነገ ሁለታችንም በአንድ ዓይነት! ይታይሻል?»

«ሂካ፣ አባትህና አባቴ በፎጣ ስር ምን ያወራሉ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? የግመል ነገር ይሆናላ።»

«እስቲ ግመሉን አሳየኝ።»

«ሙድ አትያዢብኝ ባክሽ።»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ! ትናንት ቸርኬውን ስታመጣ ‹ስጦታ ነው፣ አባቴ እንደ ልጁ ነው የሚያይሽ› አላልከኝም? አሁን ፊቴን እያየህ ድገመው።»

ሂካ ፊቷን አላየም። መሬት ላይ የወደቀች ብሎን አነሳና ያገላብጣት ጀመር።

«ጎልቦ ላይ ንፋሱ ከባድ ነው» አለ በመጨረሻ። «ከፊት ሆኖ ንፋሱን የሚሰብር ሰው ያስፈልገኛል። ከዚህ ከተማ ያንን የምትችይው አንቺ ብቻ ነሽ። ዳገቱንም ትጎትቺኛለሽ። ከዚያ መጨረሻ ላይ… ሁለት መቶ ሜትር ሲቀር… ትንሽ ዞር ትዪልኛለሽ።»

«ዞር እላለሁ?»

«ክለቦች ሁሉ እንደዚህ እኮ ነው የሚሠሩት! አንዱ ይጎትታል፣ አንዱ ያሸንፋል። አብረን በስልክ አይተን የለ እንዴ?»

«አይተናል። እነሱ ግን ተጠይቀው፣ እሺ ብለው ነው። ለምን ዋሸኸኝ?»

«እምቢ እንዳትዪ ፈርቼ ነው።»

ጡሪ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ከሐጂ ጁነዲን ይልቅ ሂካ አናደዳት፤ ሐጂ ነጋዴ ናቸው፣ ይነግዳሉ። ሂካ ግን ጓደኛዋ ነበር። በእጇ የያዘችውን መፍቻ ወርውራ ወጣች።

ሁለቱ ሰዎች አሁንም ቁጢጥ እንዳሉ ናቸው። ፎጣው ይንቀሳቀሳል። ጡሪ አላሰበችበትም፣ ብታስበው ኖሮ አታደርገውም ነበር። ጎንበስ ብላ ፎጣውን ላጥ አደረገችው።

ሞያሌ ውስጥ እንዲህ ያደረገ ሰው የለም። የተጣላም፣ የሰከረም አድርጎት አያውቅም። እዚያው ጥላ ስር ጫት ይዘው የተቀመጡ ሽማግሌዎች «ያ ረቢ!» ብለው ከተቀመጡበት ተነሱ። እጆቹም ገሃድ ወጡ። የሐጂ ጁነዲን ወፍራም እጅ የአባቷን ሁለት ጣቶች ጨብጧል። ሁለት። ሁለተኛ።

«እኔ በፎጣ ስር የምሸጥ ግመል ነኝ እንዴ?» አለች። «ጥርሴንስ አላያችሁም?»

«አንቺ ልጅ! ነውር አይደለም?» ሐጂ ጁነዲን እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ነውሩ ፎጣው ስር ነበር፣ ሐጂ። እኔ ገለጥኩት እንጂ አላመጣሁትም።»

«ስሚ፣ እኔ ክፉ አላሰብኩልሽም። የሰጠሁሽ ዕቃ አንደኛ ነው፣ አትወድቂበትም፣ አትጎጂበትም። አባትሽም ከእኔ ጋር አሥር ዓመት ሠርቷል፣ ገና ብዙ ይሠራል። በዚያ በቻይና ዕቃ ግን እንኳን አንደኛ፣ ፔርሙሱንም አታገኚም!»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ጡሪ ወደ እነሱ አልዞረችም፣ አባቷን ነው የምታየው። ቦኩ አሁንም ቁጢጥ እንዳለ ነው። ሁለቱ ጣቶቹ እንደተያዙ ሆነው ጉልበቱ ላይ ቀርተዋል።

ቦኩ ልጅነቱን ያሳለፈው ኬንያ፣ ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ነው። ሁልጊዜ የሚያወራላት ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ስለ ሰልፍ። ጀሪካን ይዞ ጎህ ሳይቀድ ቢነሳም ከፊቱ መቶ ሰው ይጠብቀዋል፣ ተራው ሲደርስ ውሃው ያልቃል። «ኢንታላ ቲያ» ይላት ነበር፣ ልጄ ማለቱ ነው፣ «የትም ብትሄጂ ከፊት ቁሚ። ከኋላ የቆመ ባዶ ጀሪካን ይዞ ነው የሚመለሰው።»

«አባ» አለች ጡሪ። «በጣት አይደለም፣ በአፍህ ንገረኝ። ‹ጡሪ፣ ሁለተኛ ውጪ› በለኝ። በአፍህ ካልከኝ እሺ እላለሁ፣ ሂካን እየጎተትኩ አመጣዋለሁ፣ አላለቅስም። በለኝ።»

እውነቷን ነበር። ቢላት ታደርገው ነበር፣ አባቷ ነዋ። ስለዚህ ፈራች።

ቦኩ አፉን ከፈተ። «ጡሪ…» አለ። ሐጂ ጁነዲን ጠበቁ፣ ሽማግሌዎቹ ጠበቁ፣ ፍየሏ እንኳ ማኘክ ያቆመች መሰለ። ቦኩ ተነሳ፣ ፎጣውን ከመሬት አንስቶ አቧራውን አራገፈና ማንንም ሳያይ ወደ ገበያው መንገድ ሄደ።

ተናዶ ይሁን አፍሮ ጡሪ አላወቀችም። ወደ ጋራዡ ተመለሰች።

«ፉንዲ፣ ባለስሙን ተወው። የራሴን ግጠምልኝ።»

«እርግጠኛ ነሽ?» አለ ፍራንሲስ። «የሐጂ ይሻላል አልኩሽ እኮ።»

«ይሻላል፣ አውቃለሁ። የሰው ወርቅ አያደምቅ።»

ባለስሙን ቸርኬ ራሷ በጨርቅ ወለወለችው፣ አንዲት የጭቃ ነጥብ እንኳ አላስቀረችበትም። ከዚያ ለሂካ አቀበለችው። ሂካ ሁለቱን ቸርኬ ታቅፎ ሄደ። ፍራንሲስ ከመሳቢያው አዲስ የፍሬን ጎማ አውጥቶ ገጠመላት። «ይህ ለካርቦን ነው፣ ትንሽ ያቀዘቅዛል። የእኔ ስጦታ። ፎጣ የለውም» አለ። ጡሪ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ትንሿን ቁልቁለት እየወጣችና እየወረደች ጣቶቿን አለማመደች። ያዝ፣ ልቀቅ፣ ያዝ፣ ልቀቅ።

እሁድ ጠዋት ስትነሳ አባቷ ቤት አልነበረም። ሻይዋን ሳትጨርስ ወጣች።

መነሻው ላይ አሥራ አንድ ብስክሌት ተሰልፏል። ፈረንጁ የተወላት የራስ ቆብ ሰፊ ስለሆነ ከስሩ ሻሽ አስራለች፣ ትንሽ አስቂኝ መሆኗን ታውቃለች። ይሳቁ። ሐጂ ጁነዲን ዣንጥላ ይዘው ከፊት ቆመዋል፤ ቸርኬዋን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ሂካ አጠገቧ ነው።

«ጡሪ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ለተናገርኩት ውሸት… ይቅርታ። ቁልቁለቱ ላይ ተጠንቀቂ እሺ?»

«እሺ» አለች። «አንተም ዳገቱ ላይ ተጠንቀቅ።»

ሂካ ሳይፈልግ ፈገግ አለ።

ጡሪ በሕዝቡ መሃል አባቷን ፈለገች። ከሴቶቹ ጋር የለም፣ ከደላሎቹ ጋር የለም። አስጀማሪው ፊሽካውን አፉ ውስጥ ሲከት አባቷን አየችው። ማዶ ፍየል የጫነ አይሱዙ ላይ፣ ከሾፌሩ ጋቢና ጣሪያ በላይ ቆሟል፣ ከተማው ሁሉ ያየዋል። ሐጂ ጁነዲንም ዣንጥላቸውን ዘንበል አድርገው ወደ እሱ እያዩ ነው። ፎጣውን ወገቡ ላይ አጥብቆ አስሮታል። ቀኝ እጁን ወደ ላይ፣ ወደ ፀሐይ አነሳ። አንድ ጣት።

ለማልቀስ ጊዜ አልነበረም። ፊሽካው ጮኸ።

ሌሎቹ አሥሩም እንደ ጎርፍ ቁልቁል ለቀቁት። ሂካ አለፋት፣ ከሂካ ኋላ የነበረው አለፋት፣ ሰንደል ጫማ ያደረገውም ልጅ አለፋት። ከመንገዱ ዳር አንዱ «ተበላሽ እህቴ!» ብሎ ጮኸባት። ጡሪ ፍሬኑን ያዘች፣ ለቀቀች፣ ያዘች፣ ለቀቀች። ከስር የጎልቦ ሜዳ ተዘርግቷል፣ ዳገቱ ገና አልተጀመረም። እሷም አልቸኮለችም።