የካራንዛ ክርን

የቤዝቦል ጨዋታ ካለቀ በኋላ ያሉት ወራት ለማራኪ ከዓመቱ ሁሉ የሚረዝሙ ነበሩ። ከመጋቢት እስከ መስከረም በየቀኑ ማለት ይቻላል ጨዋታ አለ። ከሥራ ስትገባ ቴሌቪዥኑን ትከፍታለች፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቤቷ ውስጥ ሰው ያወራል፣ ሕዝብ ይጮኻል፤ እሷም ራቷን እየበላች ትመልስላቸዋለች። ኅዳር ሲገባ ግን ያ ሁሉ ድምፅ ጸጥ ይላል። ፎርት ዎርዝ ባለችው ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንቷ ውስጥ ከፍሪጁ በቀር ድምፅ የሚያሰማ ነገር አይኖርም።

ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። አንድ የፊዚካል ቴራፒ ክሊኒክ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሰው ትከሻና ክርን ስታፍታታ ትውላለች። ከባሏ ከተለያየች አራት ዓመት ሆኗታል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ቤተ ክርስቲያንም፣ ልደትም፣ ክርስትናም ትሄድ ነበር። «እስከ መቼ ብቻሽን ትሆኛለሽ?» የሚሏት ሲበዙ ግን ቀስ በቀስ ቀረች። ማንም ክፉ አልተናገራትም፤ አዘኑላት እንጂ። የከበዳትም ማዘናቸው ነበር።

ቤዝቦልን የለመደችው፣ አሜሪካ እንደመጣች ቤታቸው እየሄደች ትንከባከባቸው ከነበሩ አንዲት አሮጊት ነው። አሮጊቷ ሲያርፉ ጨዋታው ለእሷ ቀረ። ስለ ጨዋታው የምታወራው ሰው ግን አልነበራትም።

በዚያ ኅዳር ስልኳን ስትነካካ አንድ የአማርኛ የቴሌግራም ግሩፕ አጋጠማት። ግዛቸው የሚባሉ፣ የኤርፖርት መንገደኛ ማመላለሻ የሚነዱ ጎልማሳ የከፈቱት ነው። አባላቱ ቢበዙ አሥራ ሁለት ናቸው፤ ሁሉም በዳላስና በፎርት ዎርዝ ዙሪያ የሚኖሩ የአርሊንግተኑ የቤዝቦል ቡድን ደጋፊዎች። በብርዱ ወራት ሜዳው ባዶ ቢሆንም፣ ቡድኖቹ ተጫዋች የሚለዋወጡትና ውላቸውን የጨረሱትን የሚያባብሉት ያኔ ነው። ስለዚህ በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ በድምፅ ተገናኝተው ማን ይሂድ፣ ማን ይምጣ እያሉ ይከራከራሉ። ማራኪ ሦስት ቅዳሜ ምንም ሳትናገር አዳመጠች።

በአራተኛው ቅዳሜ ወሬው ሁሉ ስለ ካራንዛ ሆነ። ቶቢ ካራንዛ ፍሪስኮ ከተማ ባለው የክለቡ የተስፈኛ ወጣቶች ቡድን ውስጥ የሚጫወት የሃያ ዓመት ኳስ ወርዋሪ ነው። ክለቡ እሱን ለሌላ ቡድን ሰጥቶ በለውጡ አንድ ስመ ጥር ኳስ መቺ ሊያመጣ ነው ይባላል።

«ስሙኝማ!» አሉ ግዛቸው። «ነገ ይደርሳል፣ ነገ ይደርሳል እያልን ስንት ዓመት እንጠብቅ? ልጁ ይሂድና መቺውን ያምጡልን!»

«ውላቸውን የጨረሱ መቺዎች ሞልተው የለም እንዴ?» አለ አንዱ። «ከእነሱ አንዱን ያስፈርሙ። ልጁን ለምን እንሰጣለን?»

ዮአብ የሚባለው ተቀበለ። ስለ ቡድኑ በእንግሊዝኛ የሚጽፍበት የራሱ ገጽ ያለው፣ ቁጥር የሚወድ ሰው ነው። «ሶ፣ ቁጥሩን ካየን፣ ማለቴ፣ የካራንዛ ስም አሁን ትልቅ ነው። ወጣት ወርዋሪ ደግሞ ቶሎ ይጎዳል። ስሙ ትልቅ ሆኖ እያለ ትሬድ ማድረግ አለብን።»

የማራኪ ጣት ሳታስበው ማይኩን ከፈተ።

«አይሂድ» አለች።

በግሩፑ ውስጥ ሴት መኖሯን የሚያውቅ አልነበረም።

«ለምን?» አለ ዮአብ።

«ከሰኔ እስከ ነሐሴ ፍሪስኮ እየሄድኩ አይቼዋለሁ። ቁጥር ላይ የማይወጣ ነገር አለ። እዚሁ ቢቆይ ይሻለዋል።»

«ይሻለዋል? ለቡድኑ ነው ወይስ ለእሱ?»

«ለእሱ።»

ዮአብ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ኦኬ… ምናልባት ትክክል ነህ» አላት።

«ነሽ በል እንጂ!» ብለው ግዛቸው ሲጮኹ ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። ማራኪም ሳቀች። ሳቋ ከግድግዳው ነጥሮ ሲመለስላት፣ በዚህ ቤት ውስጥ ስትስቅ ሰምታ እንደማታውቅ ትዝ አላት።

ከደቂቃዎች በኋላ ከዮአብ ለብቻዋ መልእክት መጣላት። «ይቅርታ። አማርኛዬ ሦስት ዓመቴ ላይ ነው የቆመው።»

በሚቀጥለው እሑድ ተቀጣጥረው ፍሪስኮ በተዘጋው ሜዳ በር ላይ ተገናኙ። ዮአብ ረጅም፣ ትከሻው ትንሽ ጎበጥ ያለ ሰው ነው። አሜሪካ የመጣው ሕፃን ሆኖ ነው፤ ዋይሊ በምትባል ከተማ ከወላጆቹ ጋር ይኖራል፤ ፍሪስኮ አንድ ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ይውላል። በአጥሩ ቀዳዳ ቡናማ የሆነውን ሣር ሲያዩ ቆዩ።

«እዚህ ብቻሽን ነበር የምትመጪው?» አላት።

«ብቻዬን። ከሦስተኛው ቤዝ በላይ፣ ጥላ ያለበት ጋ።»

«እኔ ደግሞ እዚያ ማዶ። ፀሐይ ያለበት ጋ።» በእጁ አሳያት። «ማለቴ… እኔም ብቻዬን።»

ተያዩ። ስንት ጨዋታ እንዲህ ፊት ለፊት ተቀምጠው እንዳለፈ ሁለቱም በልባቸው እየቆጠሩ ነበር። ማራኪ ቀድማ ዓይኗን መለሰች።

«ቢሮ ውስጥ ስለ ኢትዮጵያ ይጠይቁኛል፤ አላውቅም» አለ ወደ መኪናቸው ሲመለሱ። «ቤተ ክርስቲያን አማርኛ ሳወራ ደግሞ ይስቃሉ። ግሩፑ ውስጥም ይስቃሉ፤ ግን እዚያ ቤዝቦል ስለማውቅ ግድ የለኝም።»

«እኔ ላይ ማንም አይስቅም» አለች ማራኪ። «ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።»

ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቃትም። እርምጃውን ከእርምጃዋ ጋር አስተካከለ።

ታኅሣሥ እንዲህ ገባ። ዮአብ በየእሑዱ ከዋይሊ ፎርት ዎርዝ ድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ እየነዳ ይመጣል። አብረው ምሳ ይሠራሉ፤ ማን መሄድ፣ ማን መቅረት እንዳለበት ይጨቃጨቃሉ፤ ሲደክማቸው ዝም ይላሉ። ማራኪ ከሁሉ የወደደችው ያንን ዝምታ ነበር። ቤቷ ውስጥ ያለው ዝምታ ያው ነው፤ አሁን ግን የሰው ትንፋሽ አለበት።

አንድ እሑድ ቀትር ላይ፣ ሳህኑ ሳይነሳ፣ «እውነቱን ንገሪኝ» አላት። «ለምንድን ነው ካራንዛ አይሂድ ያልሽው?»

ማራኪ እጁን ያዘችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የቀለበት ጣቱንና ትንሿን ጣቱን ነካች።

«ነሐሴ ላይ አየሁት። ከአራተኛው ዙር በኋላ እነዚህን ሁለቱን ያራግፋቸዋል። ክርኑንም ወደ ሆዱ ያስጠጋል። ጣቶቹ ደንዝዘውበታል ማለት ነው። በየቀኑ የማየው በሽታ ነው። ልጁ እያመመው ደብቋል።»

«ክለቡ አያውቅም?»

«ቢያውቅ ያጫውተው ነበር? ሌላ ቡድን ከወሰደው ሐኪማቸው ይመረምረዋል፤ ለውጡ ይፈርሳል፤ ልጁ ደብቆ ነበር ተብሎም ስሙ ይጠፋል። እዚህ ከቆየ ግን አንድ ቀን ራሱ ይናገር ይሆናል። ፈርቶ ነው እኮ።» ቀና ብላ አየችው። «ለማንም አትንገር። እሺ?»

«እሺ» አለ። እጁ ገና እጇ ውስጥ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ በምሳ ሰዓት ስልኳን ስትከፍት ግሩፑ በመልእክት ተጥለቅልቋል። «የኛ ልጅ! ቴክሳስን ሙሉ አስነበበ!» ብለዋል ግዛቸው። ከሥር የዮአብ ጽሑፍ አለ። ካራንዛን ማንም ቡድን መውሰድ እንደሌለበት ይናገራል። አራተኛው ዙር። ሁለቱ ጣቶች። ወደ ሆድ የተጠጋው ክርን። ከእሷ አፍ የወጣው ሁሉ በእንግሊዝኛ ተቀምጧል፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ተቀባብሎታል።

ስትደውልለት በደስታ ነበር ያነሳው። «አየሽው? ሁለት ራዲዮ ኮል አደረጉኝ!»

«አትንገር አላልኩህም?»

«ስምሽን እኮ አልጻፍኩም!»

«የኔን ስም አይደለም ያልኩህ። ልጁን ነው ያልኩህ።»

«ማለቴ… እንዲቀር የፈለግሽው አንቺ ነሽ። አሁን ማንም አይወስደውም።»

«አዎ» አለች። «አሁን ማንም አይወስደውም።» ዘጋችው።

ያን ዕለት ከግሩፑ ወጣች። ሲደውል አላነሳችም። የመጣበትን እሑድ፣ በር ላይ ቆሞ ሲያንኳኳ እየሰማች፣ ሳሎን መሐል ቆማ እስኪሄድ ጠበቀች። ገናን ብቻዋን ዋለች። ጥር ላይ መንገዱ ሁሉ በረዶ ሆኖ ክሊኒኩ ሦስት ቀን ሲዘጋ፣ ከመስኮት ወደ መስኮት እየተመላለሰች፣ ከማንም ጋር አንዲት ቃል ሳትነጋገር ሰነበተች። ዱሮ ብቸኝነቷን ለምዳው ነበር። አሁን መልመድ አቃታት።

በሦስተኛው ቀን የካራንዛን ወሬ አነበበች። ክርኑን ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል፤ ዓመቱን ሙሉ አይጫወትም።

በማግስቱ የማታውቀው ቁጥር ደወለ።

«ማራኪ ልጄ፣ ግዛቸው ነኝ። ቁጥርሽ ግሩፑ ላይ ቀርቶ ነበር፤ በመደወሌ አትቀየሚኝ።»

«ምንም አይደል ጋሼ። ደህና ኖት?»

«ደህና ነኝ። ዮአብ ቅዳሜ ዕለት ሁላችን ፊት ተናገረ። 'ክርኑን ያየሁት እኔ አይደለሁም፤ በአደራ የተነገረኝን ነው ያወጣሁት' አለ። ገጹንም ዘግቶታል። በሰሜን በኩል ያለ አንድ ክለብ ጽሑፉን አይቶ ሥራ ሰጥቶት ነበር፤ ለእነሱም ይህንኑ ነገራቸው።»

ማራኪ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ምን አሉት?»

«ታዲያ ማን ነው ያየው አሉት። 'አንዴ ሳልጠይቃት ወስጃለሁ፤ ስሟን አልሰጥም' አላቸው። ያም ሆኖ የቁጥር ሥራውን ወደውለት ይምጣ ብለዋል። በሚመጣው ሳምንት ክለቡ ከውድድሩ በፊት ወደሚለማመድበት አሪዞና ይሄዳል።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ላስታርቅሽ አይደለም የደወልኩት። እኔም ይሂድ፣ ይሂድ እያልኩ ስጮህ፣ የሰው ልጅ መሆኑን ረስቼው ነበር። እሱን ልንገርሽ ብዬ ነው።»

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ዮአብ ክሊኒኩ ደጅ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ እንዲመጣ የጻፈችለት እሷ ናት። ከስቷል። ማራኪ ከጎኑ ገብታ በሩን ዘጋች።

«ለካራንዛ ጻፍኩለት» አለ። «አልመለሰም።»

«ላይመልስልህ ይችላል።»

«አውቃለሁ።»

«ቀዶ ጥገናው በጊዜው ሆነ ይላሉ» አለች። «ምናልባት ጽሑፍህ ጠቅሞት ይሆናል። ስትጽፍ ግን ይህንን አታውቅም ነበር።»

«አላውቅም ነበር። ሰው እንዲያነበኝ ፈልጌ ነው።»

ሌላ ምክንያት እንዲጨምር ጠበቀች። አልጨመረም። ጥፋቱን ለማለሳለስ አለመሞከሩ ቁጣዋን አበረደው።

«ልቅር?» አላት።

«ቅር ብልህ ትቀራለህ። ለዚያ ነው የማልልህ።»

«አብረን እንሂድ?»

«አላመንኩህም፣ ዮአብ። ናፍቀኸኛል። ግን ገና አላመንኩህም።»

«ናፍቄሻለሁ?» አለ፣ ሌላውን እንዳልሰማ ሰው። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። የምሳ ሰዓቷ እስኪያልቅ ድረስ እጅ ለእጅ ሳይነካኩ፣ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ሄደ። በየቀኑ በምሳ ሰዓቷ ይደውላል። ስለ ተጫዋች አያነሳም፤ ምን እንደበላች፣ ማን ታካሚ እንዳስቸገራት፣ ፎርት ዎርዝ ዘንቦ እንደሆነ ይጠይቃል። አንድ ቀን ስለ ባሏ ነገረችው። በሌላ ቀን በር ላይ ሲያንኳኳ ሳሎን መሐል ቆማ እንደነበር ነገረችው። የነገረችውን ሁሉ ሰምቶ ለራሱ ይይዛል፤ በሚቀጥለው ቀን ደግሞ ሰዓቱን ሳያሳልፍ ይደውላል። ማታ ማታ አፓርትመንቷ ያው ባዶ ነው። ነገር ግን ነገ ቀትር ላይ የምትነግረውን እያሰበች ነበር የምትተኛው።

መጋቢት አጋማሽ ላይ፣ ከተቀጠረች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የአራት ቀን ፈቃድ ጠየቀች።

አሪዞና ስትደርስ እንደምትመጣ አልነገረችውም ነበር። የልምምድ ሜዳው ጥግ፣ ብረት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ሲያያት ተነሳ፤ ጭኑ ላይ የነበረው ወረቀት ሁሉ ሣሩ ላይ ተበተነ። አላነሳውም።

«ማራኪ» አለ።

ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ ትከሻውን አቀፈችው። አንገቷ ሥር ትንፋሹ ሲቆራረጥ ተሰማት። ሜዳው ላይ ያሉት ልጆች ኳሳቸውን መወርወር ቀጠሉ፤ ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም።

«እስከ መቼ ነሽ?» አላት፣ በመጨረሻ።

«እስከ ማክሰኞ።»

ማክሰኞ ጠዋት ሻንጣዋን ዘግታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዮአብ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ቅሪ አላላትም። ማራኪ ስልኳን አንስታ ክሊኒኩ ደወለችና እስከ ሰኞ እንደማትመለስ ነገረቻቸው።