ደመናው ወዴት ይወርዳል

ከሐርላ መንደር በላይ ተራራው ላይ የተተከለው የውሃ መለኪያ ከጠዋት ጀምሮ ዝም አለ። የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ኃላፊዋ ዐያን ዝምታውን አልወደደችውም። ሾፌሩን ዋበሪን ይዛ ወደ ተራራው ገሰገሰች።

ከኋላቸው የድሬዳዋ ሰማይ ጥርት ብሏል። የድሬ ሰው ጎርፍ የሚጠብቀው የራሱን ሰማይ አንጋጦ ነው፤ ከተማውን የሚሰነጥቀውን የደቻቱን ወንዝ የሚሞላው ግን ደጋ ላይ የዘነበው ነው። ይህን ማን ይስማ? ጫት ሲደርስ ገበያው እንዳለ ደረቁ የወንዝ አሸዋ ላይ ይዘረጋል። የዐያን እናት ኑርቶም ቲማቲሟን እዚያው ትደረድራለች። በዚህ ክረምት ዐያን ሁለቴ «ጎርፍ መጣ» ብላ ገበያውን አስነሥታለች፤ ሁለቴም ጠብታ አልመጣም። ኑርቶ ዳግመኛ ላትነሣ ምላለች።

ተራራው ሥር በረዶ ተቀበላቸው፤ የመኪናውን መስታወት ሰነጠቀው። ጭቃው ጎማውን ሲውጠው በእግር ቀጠሉ፤ በሚንሸራተተው ድንጋይ ላይ እየዳኹ ወጡ። ገደሉ አፍ ላይ ጅቦች በቀን ቆመዋል። ዋበሪ ድንጋይ ወረወረ፤ አልሸሹም። ዐያን ፈራች። ከመኪናው የያዘችውን ብረት በድንጋይ እየቀጠቀጠች በአጠገባቸው አለፈች።

መለኪያው ወድቋል፤ ገመዱን ጅብ አኝኮታል። ጎርፍ ይሁን ጅብ ቀድሞ የጣለው፣ ማን ይንገራት? ጥቁሩ ደመና ከተራራው ጫፍ ላይ ተጋድሟል። ወዲህ ከወረደ ደቻቱ ይሞላል፤ ወዲያ ከወረደ በረሃ ይውጠዋል።

«አዴር፣ ወዴት ይመስልሃል?» አለችው፤ ዋበሪን የምትጠራው እንደ አጎት ነው።

«ወላሂ አላውቅም። ቆይተን እንየው?»

ቆይተው ካዩት ውሃው ይቀድማቸዋል። ዐያን ኔትወርክ ያለበት ቋጥኝ ላይ ወጥታ ማስጠንቀቂያው እንዲነገር አዘዘች፤ ከዚያ እናቷ ጋ ደወለች። ኑርቶ በቁጣ፣ በእርግጥ ይመጣል ወይ ስትል ጠየቀቻት። እስከ ዛሬ የዐያን መልስ «በእርግጥ» ነበር።

«አላውቅም፣ ሆዮ። ካልመጣ ነገ ትሰድቢኛለሽ። ከመጣ ግን የምትሰድበኝ እናት አይኖረኝም።»

 በስልኩ ውስጥ የኑርቶ የቲማቲም ሣጥን ሲጎተት ተሰማ።

አመሻሽ ላይ በጭቃ ተለውሰው ሲመለሱ ገበያተኛው ዳር ላይ ተኮልኩሎ ደረቁን አሸዋ ያያል። ውሃው አልመጣም።

በማግስቱ ኑርቶ ቃሏን ጠበቀች። ስለ ፈረጠው ቲማቲም፣ ስለ ቀረው ገበያ፣ የወለደቻትን ልጅ አምና ስለ መጃጃሏ እያነሣች ሰደበቻት። ዐያን አንዲት ቃል ሳታመልጣት ሰማች፤ እንዲህ ደስ ብሏት ስድብ ሰምታ አታውቅም።

ሲበቃት ኑርቶ ቀና ብላ፣ በራሷ አናት ላይ ያለውን ሰማይ ሳይሆን የሐርላን አየች። ደመናው አልሄደም። ሣጥኗን አንሥታ ቲማቲሙን ከአሸዋው ወጥታ ዳሩ ላይ ደረደረች።